የመኪናዎ ኮርኒስ ራስዎ ላይ ሲወርድ

አሮጌ መኪና ባለቤቱን ብዙ ነገር ያስለምደዋል። ጧት ሲያስነሡት ማሳሉን፣ ዳገት ላይ ማቃሰቱን፣ በሩ ሁለት ጊዜ ካልተመታ አልዘጋም ማለቱን ሁሉ ሰው ቀስ በቀስ ይለምደውና እንደ አመለኛ ዘመድ ችሎት ይኖራል። አንድ ነገር ግን ለመልመድ አስቸጋሪ ነው፤ ይኸውም ከራስ በላይ የተለጠፈው የጣሪያ ጨርቅ ከቦታው ተላቆ እንደ አሮጌ ድንኳን መርገብ ሲጀምር ነው። ይህንን ጨርቅ እንደ ቤቱ ሁሉ ኮርኒስ እንለዋለን።

ነገሩ የሚጀምረው በትንሹ ነው። በመጀመሪያ ከኋላው መስተዋት አጠገብ የእጅ መዳፍ የምታህል ጉብታ ወደ ታች ትወርዳለች። መስኮት ከፍተው ሲነዱ ትርገበገባለች። ከጥቂት ወራት በኋላ በመብራቱ ዙሪያ ከበቀለች ሌላ ጉብታ ጋር ትገናኝና ኮርኒሱ በሙሉ ሆዱን ያወርዳል። ያን ጊዜ ከኋላ የተቀመጠች እመቤት፣ በተለይ ከፀጉር ቤት ወጥታ እንደ ሆነ፣ አንገቷን አዘንብላ ትሄዳለች። ቁመቱ ረዘም ያለ ሰውም ሲወርድ ኮቱ ላይ ብርቱካን መሳይ ዱቄት ተነስንሶበት ይወርዳል። የመሥሪያ ቤት አለቃን «ልሸኝዎት» ብሎ መጋበዝማ የማይታሰብ ነው።

እፍረቱስ ይቅር። ዋናው ነገር ስፖኪዮው ነው። የኮርኒሱ ሆድ በወረደ ቁጥር በውስጠኛው መስተዋት የሚታየው የኋላ መስኮት እየጠበበ ይሄዳል። በመጨረሻ ሾፌሩ ቀና ብሎ ሲመለከት ከመንገዱ ይልቅ የሚያየው ጨርቁን ይሆናል። ከዚህ በኋላ ወደ ኋላ የሚመለሰው በግምት ነው። በየትምህርት ቤቱ በርና በየሰፈሩ ቅያስ ውስጥ ደግሞ ከመኪና ኋላ ምን ጊዜም ሕፃን አይጠፋም። ፈጠን ብሎ ሲነዳም የላላው ጨርቅ በነፋስ ተነፍቶ ድንገት ዓይን ላይ ሊወርድ ይችላል። ስለዚህ ይህ የጌጥ ጉዳይ ብቻ ነው ብለው የሚያሳድሩት ሰዎች ነገሩን በሚገባ አላዩትም።

«እንግዲያው መኪናውን ሸጦ ሌላ መግዛት ነው» የሚል ቢኖር፣ ይህ ለወጣት የመንግሥት ሠራተኛ የሚሆን ምክር አይደለም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ከውጭ በሚገቡ አሮጌ መኪናዎች ላይ ከባድ ታክስ ጫነ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በቤንዚንና በናፍታ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች እንዳይገቡ ተከለከለ። እንግዲህ ዛሬ በከተማችን የሚመላለሱት ኮሮላዎች፣ ቮልሶችና ላዳዎች ገና ብዙ ዓመት ከእኛ ጋር ይኖራሉ ማለት ነው። ደግነቱ የኮርኒስ ሥራ ሞተር እንደ መፍታት አይደለም። ትዕግሥት ያለው ሰው ከአንድ ጓደኛው ጋር ሆኖ በቅዳሜና በእሑድ ሊጨርሰው ይችላል። ወጪውም የጨርቁና የማስቲሹ ብቻ ነው።

አስቀድሞ ግን ጨርቁ ለምን እንደሚወርድ ማወቅ ያስፈልጋል። ለምን ቢሉ፣ ምክንያቱን ያላወቀ ሰው ገንዘቡን በማይረባ መድኃኒት ላይ ይጨርሳል።

በቀድሞዎቹ መኪናዎች፣ ለምሳሌ በቮልስዋገንና በላዳ፣ ጨርቁ ወይም ፕላስቲኩ ከጣሪያው ላሜራ ጋር አልተለጠፈም። ከግራ ወደ ቀኝ በተዘረጉ የብረት ዘንጎች ላይ ተንጠልጥሎ ዳር ዳሩ ብቻ በማስቲሽ ተይዟል። ከዚያ ወዲህ፣ ይልቁንም እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ ጀምሮ፣ ፋብሪካዎች ርካሽና ፈጣን ሥራ ስለ ፈለጉ ዘንጉን ትተው ሌላ መንገድ ያዙ። ከታመቀ ካርቶን ወይም ከመስተዋት ጭረት የጣሪያውን ቅርጽ የያዘ ሰሌዳ ይሠራሉ፤ በሰሌዳው ላይ ሦስት ሚሊሜትር ያህል ውፍረት ያለው ስፖንጅ አለ፤ በስፖንጁ ላይ ደግሞ የምናየው ስስ ጨርቅ ተጣብቋል። ጨርቁ ሰሌዳውን ከቶ አይነካውም። ሁለቱን የሚያገናኘው ስፖንጁ ብቻ ነው። ስፖንጁ ከሞተ ጨርቁን የሚይዘው ነገር የለም።

ስፖንጁም መሞቱ አይቀርም። የተሠራው ፖሊዩሬቴን ከሚባል ነገር ነው፤ ይህን ነገር ጀርመናዊው ኬሚስት ኦቶ ባየር ከባልደረቦቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ1937 ያገኘው ሲሆን፣ ዛሬ ፍራሹም፣ የሶፋው ውስጥም፣ የመኪናው ወንበርም ከእርሱ ነው። ጉዳቱ ሙቀትና እርጥበት ሲፈራረቁበት ውስጣዊ ሰንሰለቱ መበጣጠሱ ነው። መጀመሪያ ይደርቃል፤ ቀጥሎ ቀለሙ ወደ ብርቱካን ያደላል፤ በመጨረሻ በጣት ሲነካ እንደ በሶ ዱቄት ይሆናል። በተዘጋ መኪና ውስጥ ያለው ሙቀት ደግሞ ሰው ከሚገምተው በላይ ነው። በአሜሪካ የተደረገ ልኬት እንዳሳየው ውጭው 22 ዲግሪ ብቻ ሳለ ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ውስጡ በአንድ ሰዓት 47 ዲግሪ ደርሷል። 22 ዲግሪ ማለት የአዲስ አበባ ተራ የቀን አየር ነው። እንግዲህ መኪናው ጧት ከመሥሪያ ቤቱ ግቢ ገብቶ እስከ ማታ ፀሐይ ላይ ሲውል፣ ሌሊት ደግሞ ብርዱና ጤዛው ሲወርድበት፣ በየቀኑ እየተጠበሰና እየራሰ ሃያ ዓመት የኖረ ስፖንጅ ዱቄት ቢሆን ምን ያስደንቃል?

ይህንን ከተረዱ የሐሰት መድኃኒቶቹን መለየት አያዳግትም።

የመጀመሪያው መርፌ ቁልፍ ነው። ባለ ቀለም ራስ ያለው መርፌ ገዝቶ ጨርቁን እዚህም እዚያም መውጋት። ሲያዩት ኮርኒሱ ኩፍኝ የወጣበት ይመስላል። ይህም ሆኖ ቀጥ ያለው መርፌ በመኪናው ንዝረት እየተንሸራተተ ይወርዳል፤ የሚወርደውም ወይ ወንበር ላይ ወይ ተሳፋሪ አንገት ላይ ነው። ዘንጉ እንደ ቡሎን የተጠማዘዘው ዓይነት ይሻላል፤ ለአንድ ወር ለሁለት ወር ገንዘብ እስኪገኝ ሊያቆይ ይችላል። ከዚያ በላይ አይታመንም።

ሁለተኛው በሐኪም መርፌ ማስቲሽ በጨርቁ በኩል መውጋት ነው። ይህ ብልሃት መሳይ ሞኝነት ነው። ከጨርቁ በላይ ያለው ዱቄት ስለ ሆነ ማስቲሹ የሚይዘው ዱቄቱን ነው፤ ዱቄቱ ደግሞ ሰሌዳውን አልያዘም። በተጨማሪ ማስቲሹ በጨርቁ ሾልኮ ይወጣና የማይለቅ ቡናማ ነጠብጣብ ይተዋል። ሦስተኛው፣ የአናጢ ነጭ ኮላ፣ ሲለጥፉት ያማረ ይመስላል፤ ግን ሙቀትና እርጥበት ያለሰልሰዋልና በመጀመሪያው የበጋ ፀሐይ ይለቃል።

መፍትሔው አንድ ብቻ ነው፤ ሰሌዳውን አውርዶ፣ አሮጌውን ስፖንጅ እስከ መጨረሻው ጠርጎ፣ የራሱ ስፖንጅ ያለበት አዲስ ጨርቅ መለጠፍ።

ወደ ሥራው ከመግባትዎ በፊት ሦስት ነገር ይመርምሩ። ጨርቁን በጣትዎ ጫን ይበሉት፤ ዱቄት ከወጣ ወይም ከኋላው የሚንኮሻኮሽ ነገር ከተሰማዎ ስፖንጁ አልቋል። ቀጥሎ በጨርቁ ላይ እንደ ካርታ ዳር ዳሩ የጠቆረ ቡናማ ምልክት እንዳለ ይፈልጉ። ይህ የውሃ ምልክት ነው። ውሃው የሚገባው ፖርቶመጋላ ከታሰረበት ቀዳዳ፣ ከአንቴናው ሥር ወይም ከፊት መስተዋት ጎማ ሊሆን ይችላል። ውሃው ሳይዘጋ የተለጠፈ ጨርቅ በሚመጣው ክረምት ተመልሶ ይወርዳል፤ ላሜራውም ከላይ ቀለሙ አምሮ ሳለ ከውስጥ በዝገት ይበላል። ስለዚህ አንድ ሰው በባልዲ ውሃ ከላይ ቀስ ብሎ ያፍስስ፤ እርስዎ ከውስጥ ሆነው ይመልከቱ።

ሦስተኛው ከሁሉ ይበልጣል። በአዳዲስ መኪናዎች ጣሪያ ዳርና ዳር፣ በኮርኒሱና በላሜራው መካከል፣ በግጭት ጊዜ እንደ መጋረጃ የሚወርድ የአየር ከረጢት ተጠቅልሎ ተቀምጧል። በበሮቹ መካከል ባለው ምሰሶ ወይም በጣሪያው ዳር ላይ ኤስ.አር.ኤስ. የሚሉ የላቲን ፊደላት ካዩ ሥራውን ለባለሙያ ይተዉት። ይህ ከረጢት በባሩድ መሳይ ነገር በቅጽበት የሚፈነዳ ነው፤ በካቻቪቴ የሚነካካ ነገር አይደለም። ከዚህም በላይ ኮርኒሱ ያለ አግባብ ተለጥፎ መውጫውን ቢዘጋበት በአደጋ ቀን ሳይከፈት ይቀራል። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የተሠሩት ኮሮላዎች ይህ መጋረጃ የላቸውም፤ ስለዚህ ከዚህ በታች የምንናገረው ስለ እነርሱና ስለ መሰሎቻቸው ነው።

ጊዜውን ይምረጡ። ክረምት አይሆንም፤ አየሩ እርጥብ ሲሆን ማስቲሹ ላይ ላዩን ላብ መሳይ ነገር ያወጣና መያዝ ያቅተዋል። የእኩለ ቀን ፀሐይም አይሆንም፤ ማስቲሹ ሳያጋጥሙት ይደርቃል። የበጋ ጧት፣ ጥላ ያለበት ግቢ ተመራጭ ነው። የባትሪውን ኔጌቲቭ ገመድ ይፍቱ፤ የጣሪያው መብራት ሽቦ እርስ በርሱ ተነካክቶ ፊውዝ እንዳያቃጥል ነው።

ከዚያ በኋላ የሚፈታውን በተራ ይፍቱ፤ የፀሐይ መከላከያዎቹን፣ ስፖኪዮውን፣ ተሳፋሪ የሚይዛቸውን እጀታዎች፣ ኮት መስቀያውን፣ መብራቱን። ብዙዎቹ ቡሎኖች በትንሽ የፕላስቲክ ክዳን ሥር ተደብቀዋል። ያልታየ ቡሎን እያለ ጎትቶ መንቀል የጀማሪ ሁሉ ፈተና ነው፤ እንቢ ያለውን ነገር አይታገሉት፤ ቡሎን ይፈልጉለት። የፈቱትን ቡሎን ከየዕቃው ጋር በአንድ አንድ ፌስታል ውስጥ አስረው በላዩ ይጻፉበት። ይህን ያላደረገ ሰው እሑድ ማታ እፍኝ ሙሉ ቡሎን ይዞ ሲያሰላስል ያመሻል። የበሮቹን ዙሪያ ጎማ ከላይ በኩል ላላ ያድርጉ፤ የምሰሶዎቹን ፕላስቲክ ልባስ ያውልቁ። ክሊፖቹ በዕድሜ ብዛት ስለ ደረቁ ሁለት ሦስቱ መሰበራቸው አይቀርም፤ ምትካቸውን የመኪና ዕቃ በሚሸጥበት በሶማሌ ተራ ይጠይቁ፤ የተሰበረውን ለናሙና ይዘው መሄድ አይርሱ።

አሁን ሰሌዳው ነፃ ነው። የፊት ወንበሮችን እስከ መጨረሻው አስተኝተው እርስዎ ከፊት፣ ጓደኛዎ ከኋላ ይዛችሁ፣ ሰያፍ አድርጋችሁ ብዙውን ጊዜ በፊት በር በኩል ታወጡታላችሁ። ሰሌዳው ከታጠፈ እጥፋቱ ለዘላለም ይታያልና መቸኮል አያስፈልግም። ብቻውን ሊያወጣ የሞከረ ሰው ለሁለት ሰብሮት ያወጣዋል።

ቀጥሎ የሚመጣው አሰልቺው ሥራ ነው፤ የሥራው ነፍስ ግን ያለችው እዚሁ ላይ ነው። አሮጌውን ጨርቅ ይዘው ቀስ ብለው ሲስቡት ያለ ችግር ይላቀቃል። ብርቱካኑ ዱቄት ግን ሰሌዳው ላይ ይቀራል። ይህንን ዱቄት ለስለስ ባለ ብሩሽ እስከ መጨረሻው መጥረግ አለብዎ። ብዙ ሰው፣ ደመወዝ የሚከፈለው ሠራተኛም ሳይቀር፣ ግማሹን ጠርጎ ግማሹን ይተዋል፤ «ማስቲሹ ይሸፍነዋል» ይላል። አይሸፍነውም። በታክሲዎቻችን ላይ ዓመት ሳይሞላው ዳግመኛ የወረደ አዲስ ኮርኒስ ካዩ አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ ይህ ነው። በእጅዎ መዳፍ ሰሌዳውን ሲዳብሱት መዳፍዎ ንጹሕ ሆኖ እስኪመለስ ድረስ ይጥረጉ። የሽቦ ብሩሽ ግን አይጠቀሙ፤ ሰሌዳውን ይቦጫጭረዋል። በዚህ ጊዜ አፍና አፍንጫዎን ይሸፍኑ፣ መነጽር ያድርጉ፣ ረጅም እጅጌ ይልበሱ። ሰሌዳው የመስተዋት ጭረት ከሆነ ቆዳ ላይ ገብቶ ሌሊቱን ሙሉ ሲያሳክክ ያድራል። ነፋሱ ወደ ጎረቤት ልብስ ማስጫ እንዳይሄድ መመልከትም የጉርብትና ወግ ነው።

ሰሌዳው የተሰነጠቀ እንደ ሆነ በጀርባው በኩል ሻሽ በማስቲሽ ይለጥፉበት፤ ደርቆ ሲጠነክር እንደ ተጀበረ አጥንት ይሆናል። የፈረፈረ ቦታ ካለ ስስ ማስቲሽ ቀብተው አድርቁት፤ ገጹ ይጠነክራል።

ስለ ጨርቁ ምርጫ ጥቂት ልናገር። መግዛት ያለብዎ ከጀርባው ስስ ስፖንጅ የተለጠፈበትንና በሁሉም አቅጣጫ ትንሽ የሚሳበውን ነው። ስፖንጅ የሌለው ጨርቅ ርካሽ ቢሆንም የሰሌዳውን ጠባሳ ሁሉ ያሳያል፤ ማስቲሹም ይሾልክበታል። ብዙ ወጣቶች ቀይ ከፋይ ወይም ቆዳ መሳይ ወፍራም ጨርቅ ይመኛሉ፤ አንዳንዱም ዙሪያውን ዘርፍ ያስሰፋበታል። ለሠርግ አዳራሽ ያምር ይሆናል። ለመኪና ግን ክብደቱ ከማስቲሹ አቅም በላይ ይሆንና በሙቀት ጊዜ ይወርዳል። በበኩሌ ነጣ ያለ ግራጫ እመርጣለሁ፤ ውስጡን ብሩህ ያደርገዋል፤ ሌሊትም የትንሿን መብራት ብርሃን መልሶ ይረጨዋል። ለአንድ ኮሮላ አንድ ሜትር ተኩል ወርድ ካለው ጨርቅ ሁለት ሜትር ያህል ይበቃል፤ ምንም ቢሆን ግን ሰሌዳውን ለክተው በየዳሩ አሥር አሥር ሳንቲሜትር ጨምረው ይግዙ። ነጋዴው በግምት ሲቆርጥልዎ ዝም አይበሉ።

ማስቲሹ ሙቀት የሚችል መሆኑ በጣሳው ላይ የተጻፈበት ይሁን፤ በተቻለ መጠን ከ70 ዲግሪ በላይ የሚችል። የሚነፋው ዓይነት ለጀማሪ ይቀላል፤ በብሩሽ የሚቀባውም ስስ አድርገው ከቀቡት ይሠራል። ከማስቲሽ የሚወጣው ሽታ ራስ ያዞራል፣ ያስታውካል፤ ከዚህም በላይ እንደ ቤንዚን በእሳት ይያዛል። ስለዚህ ሥራው ከቤት ውጭ ይሁን። ሲጋራ የሚያጨስ ጓደኛ ራቅ ብሎ ይቀመጥ። ባለቤትዎም ለሠራተኞቹ አዝና በአጠገባችሁ ከሰል አቀጣጥላ ቡና ላፍላ ብትል አመስግነው ወደ ሌላው በረንዳ ይሸኙዋት። ጣሳውን ልጆች ከሚደርሱበት አይተዉት።

አለጣጠፉ እንዲህ ነው። ሰሌዳውን ፊቱን ወደ ላይ አድርገው በጠረጴዛ ላይ ያስተኙት። ጨርቁን በላዩ ዘርግተው ትርፉ በየዳሩ እኩል መሆኑን ይመልከቱ። ከዚያ የፊተኛውን ግማሽ ወደ ኋላ ይጠፉት። የተገለጠውን የሰሌዳ ግማሽና የጨርቁን ጀርባ፣ ሁለቱንም፣ ማስቲሽ ይቀቡ፤ ሰሌዳውን ሁለት ጊዜ ቢቀቡት ይበጃል። አሁን ይጠብቁ! ይህ ማስቲሽ እርጥብ ሳለ አይለጠፍም። ጣት ሲያስነኩት የሚያጣብቅ፣ ግን ጣት ላይ የማይቀር ሲሆን ደርሷል ማለት ነው፤ እንደ አየሩ ሁኔታ ከአምስት እስከ አሥራ አምስት ደቂቃ ይወስዳል። ከዚያ ጓደኛዎ የጨርቁን ጫፍ በአየር ላይ ይዞ ይቁም፤ እርስዎ ከመካከል ጀምረው ወደ ዳር በመዳፍዎ እየዳበሱ ያስተኙት። በጣት ጫፍ አይጫኑ፤ ስፖንጁ ይጨፈለቅና የጣትዎ ምልክት ይቀራል። የመብራቱና የፀሐይ መከላከያው ጎድጓዳ ቦታ ላይ ሲደርሱ ጨርቁን ወጥረው ከላይ አያሳልፉት፤ ወደ ጎድጓዳው ገፋ አድርገው ያስገቡት። በጎድጓዳ ላይ እንደ ከበሮ የተወጠረ ጨርቅ በሳምንቱ ይላቀቃል። አንድ ጊዜ የተጋጠመ ማስቲሽ ስለማይላቀቅ ችኮላ የለም፤ ሃያ ሳንቲሜትር፣ ሃያ ሳንቲሜትር እያሉ መሄድ ነው። የፊተኛው ሲያልቅ የኋለኛውን ግማሽ እንዲሁ ያድርጉ።

ዳር ዳሩን ሦስት ሳንቲሜትር ያህል አስቀርተው ይቁረጡና ወደ ጀርባው ጠቅልለው ይለጥፉ። ክብ ማዕዘን ላይ ጨርቁ እንዳይጨማደድ በመቀስ ጥቂት ጥቂት ይብጡት። የመብራቱን ቀዳዳ በአዲስ ምላጭ በመስቀል ቅርጽ ይሰንጥቁና ጫፎቹን ወደ ውስጥ አጥፈው ይለጥፉ፤ ክብ አድርጎ መቁረጥ ከተሳሳተ መመለሻ የለውም። ከዚያ ሰሌዳው ተኝቶ ይደር።

እሑድ መልሶ መግጠም ከመፍታቱ ይቀላል፤ መጀመሪያ መብራቱን፣ ቀጥሎ እጀታዎቹን ይግጠሙ፤ ሰሌዳው በእነርሱ ተይዞ ይቆማልና ሌላውን በነፃ እጅ ይሠሩታል።

ቮልስ ላለው አንባቢ የተለየ ቃል አለኝ። የእርስዎ ኮርኒስ ስፖንጅ ስለሌለው ሲወርድ ምክንያቱ ወይ ዳሩ ላይ ያለው ማስቲሽ መድረቁ ወይ ስፌቱ መተርተሩ ነው። ዳሩ ብቻ ከለቀቀ አሮጌውን ማስቲሽ ጠርገው መልሰው ይለጥፉ፤ ሥራው የግማሽ ቀን ነው። ሙሉውን መለወጥ ግን የፊትና የኋላ መስተዋቶችን ማውጣት ይጠይቃል፤ ይህ ልምድ ላለው የታፒሴሪ ባለሙያ የሚተው ነው። አንድ ነገር ብቻ ያስጠንቅቁት፤ ዘንጎቹ እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ርዝመትና ቅስት ስላላቸው ሲያወጣቸው ከፊት ወደ ኋላ ቁጥር ይስጣቸው። ከተምታቱ ጨርቁ አንድም ቦታ ቀጥ አይልም። ይህች መኪና እ.ኤ.አ. በ2003 በሜክሲኮ አገር የመጨረሻዋ እስክትወጣ ድረስ ከሃያ አንድ ሚሊዮን በላይ ተሠርታለች፤ ስለዚህ ዕቃዋን በደኅና መያዝ ያዋጣል።

አሮጌ መኪና ለመግዛት የምታስቡ ተማሪዎችም ከዚህ የምታተርፉት አለ። ደላላው ኮፈኑን ከፍቶ ስለ ሞተሩ ሲያወራ እናንተ ቀና ብላችሁ ጣሪያውን ተመልከቱ። የውሃ ምልክት ካለ ላሜራው ምን እንደ ሆነ ጠይቁ። ወንበሩም ምንጣፉም አርጅቶ ሳለ ኮርኒሱ ብቻ ከእንከን የጸዳ አዲስ ከሆነ፣ ወይ ባለቤቱ ንጹሕ ሰው ነው፣ ወይ ደግሞ መኪናው ተገልብጦ ጣሪያው ተቀጥቅጧል። የበሩን ጎማ በአንድ በኩል ሳብ አድርጋችሁ የላሜራውን ዳር ብታዩ የመዶሻ ምልክትና የስቱኮ ሽፋን እውነቱን ይነግሯችኋል። ሻጩ ይህን እንዳታደርጉ ከከለከላችሁም መልሱን አግኝታችኋል።

ሥራው ካለቀ በኋላ የማስቲሹ ሽታ እስኪወጣ ድረስ ሁለት ቀን መስኮቶቹን ገርበብ አድርገው ያሳድሩ፤ ሕፃናትን አይጫኑበት። ከዚያ ወዲያ መኪናው በተቻለ መጠን ጥላ ላይ ይቁም፤ ኮርኒሱ ሲቆሽሽ በውሃ አይዘፍዝፉት፤ በሳሙና አረፋ በረጠበ ጨርቅ ብቻ ቀስ አድርገው ይጥረጉት። የተረፈውን ጨርቅ አይጣሉት። የፀሐይ መከላከያዎቹ ልባስም ብዙውን ጊዜ ከኮርኒሱ ጋር አብሮ ያረጃል፤ ሁለቱን ለማልበስ ግማሽ ሜትር ይበቃል፤ በሰፈርዎ ያለ ልብስ ሰፊም አሮጌውን ልባስ ለልክ ካሳዩት በአንድ ቀን ይሰፋልዎታል።